እስክስታና ክብ ጠረጴዛ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ጥር ነው። ጎጃም ውስጥ ጥር ማለት ሰርግ ማለት ነው። እህሉ ገብቷል፣ ጥምቀት አልፏል፣ ዐቢይ ጾም ገና አልያዘም። ስለዚህ ሁሉም ይድራል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር፣ እሁድ እሁድ፣ ጥሩንባ እየነፋ የሚያልፍ የሙሽራ መኪና ሳታዩ አትውሉም። ዛሬ ስለ ሰርግ ጭፈራ ላውራ። በተለይ አዳራሽ ውስጥ ስለሚጨፈረው።

የሚከነክነኝ ነገር አለ። ሰው ሰርግ ሄዶ መጨፈሩን ትቶ የሚጨፍር ማየት ጀምሯል።

የአዳራሹን አቀማመጥ ልብ በሉ። ክብ ክብ ጠረጴዛ፣ ፊት ለፊት ከፍ ያለ የሙሽሮች መቀመጫ፣ መሃል ላይ ካሜራ ማን። ከዚያ የባህል ቡድኑ ይገባል። አረንጓዴ ቁምጣ፣ አረንጓዴ ሸሚዝ፣ በእጅ ዱላ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ አልዋሽም። ትከሻቸው አጥንት ያለው አይመስልም። እንጀራቸውም ነው፣ ይክበሩበት። እኛ ግን ስልክ አውጥተን እንቀርጻለን። ሲጨርሱ እናጨበጭብና ወደ ክትፏችን። እንግዳው ተመልካች ሆኖ ቀረ።

ዳስ ውስጥ መሃሉ የሁሉም ነበር። ዳር ዳሩን አግዳሚ፣ መሬቱ ላይ ቀጤማ፣ ጥጉ ጋ ጠላና አረቄ። ልጃገረዶች ከበሮውን ይይዙታል፣ ሌላው ያጨበጭባል። ከዚያ አንዱ ነጠላውን አደግድጎ ይወጣል፣ አንዷም ፊት ለፊቱ ትቆማለች። የጎጃም እስክስታ ለብቻ አይጥምም። እሱ ትከሻውን ሲጥል እሷ ትመልሳለች። እሱ በጉልበቱ ወረድ ሲል እሷም ወረድ። «እስ! እስ!» የሚለው ትንፋሻቸው ከከበሮው ጋር ይገጥማል። ዳር ያለው «በለው!» ይላል፣ እናቶች እልል ይላሉ። ሲደክማቸው ሌሎች ይተኳቸዋል። ማንም በፕሮግራም አይጠራም።

አዝማሪ ካለ ደግሞ ሌላ ነው። ማሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ ነው ያለው፣ እሱም የፈረስ ጭራ። ግን አዝማሪው የሚጨፍረውን ሰው እያየ ነው የሚመታው። ትከሻህ ሲሞቅ እሱም ያሞቀዋል፣ ስትደክም ያዝልሃል። ግጥም ካለህ «ተቀበል!» ብለህ ትሰጠዋለህ፣ እሱም በዜማ ይመልስልሃል። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ አጎትየው ጠረጴዛ ሥር ተሸጉጠው አልነሳም ሲሉ፣ አንዲት አክስት ለአዝማሪው እንዲህ ብለው ሰጡት፦

የሙሽራው አጎት እስኪ ተነስ ተነሳ፣
ለጨዋታ ነው ወይ የመጣኸው ለምሳ?

ከዚህ በኋላ ማን ይቀመጣል! ተነሱ፣ ጨፈሩ፣ የአዝማሪው ግንባር ላይ ብርም ለጠፉ። ሞንታርቦ ግን ምንም ያህል ቢጮህ አጎትህን አያውቃቸውም።

ዲጄውን ጠልቼ አይደለም። እንዲያውም አንድ የምወድለት ነገር አለ። ከጎጃም ትከሻ ተነስቶ ወደ ጉራጊኛ ይወስድሃል፣ እዚያ እግር ነው። ወደ ወላይታ ይሻገራል፣ ወገብ ነው። ትግርኛው ሲገባ አዳራሹ ሁሉ ክብ ሠርቶ ይዞራል። የደብረ ማርቆስ እትዬዎች ጫማቸውን አውልቀው ጉራጊኛውን ሲያስነኩት አይቻለሁ፤ እዚያ ላይ ማንም ተመልካች የለም። ችግሩ የዘፈኑ አገር አይደለም ማለት ነው። ችግሩ የገዛ እስክስታችን ላይ ስንደርስ ማፈራችን ነው። «ኧረ እኔ አልችልም፣ እነሱ ይጨፍሩ» እንላለን። በቲክቶክ ያየነው ትከሻ አስፈራርቶናል መሰለኝ። ጥምቀት ላይ፣ ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ስንጨፍር ማን ነው የእኔና የአንተን ትከሻ የለካው? ደግሞ በድሮው ጭፈራ ሁሉም አንድ ዓይነት አይመታም ነበር። አንዱ ፈጠን፣ አንዱ ረጋ ያለ። ሽማግሌ ዱላውን ተመርኩዞ በአንድ ትከሻ ብቻ ሲመታ ከወጣቱ በላይ እልል ይባልለት ነበር። የተለማመደ ቡድን ይህን አያመጣልህም፣ ሁሉም እኩል ወርደው እኩል ይነሳሉ።

ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ ለሰርጓ ቡድን ልቅጠር ወይስ ይቅርብኝ ብላ ጠየቀችኝ። ቅጠሪ አልኳት። ግን ጨፍረው እንዳይወጡ፣ እየዞሩ እንግዳውን ከወንበሩ እንዲያስነሱ ከአሁኑ ተነጋገሪ። መሃል ያሉትን ሁለት ጠረጴዛዎች አስነሺ፣ ካሜራ ማኑን ጥግ አስይዢው። ማሲንቆ የሚመታ ፈልጊና ኬኩ ከመቆረጡ በፊት ይግባ፤ ከኬክ በኋላ ሰው ልቡ ወደ ቤት ነው። ዲጄው እስከዚያ ሻይ ይጠጣ። አጎቶችሽ እነማን እንደሆኑም ለአዝማሪው ቀድመሽ ንገሪው አልኳት።