በገዛ ቶርፒዶው መርከቡን ያጣው አዛዥ

ዳዊት፦ ዛሬ የምናነሳው ሪቻርድ ኦኬንን ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት «ታንግ» የተባለችውን የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ያዘዘውን መኮንን። ስሙ የሚነሳው ባሰጠማቸው የጃፓን መርከቦች ብዛት ነው። እኔን የያዘኝ ግን ምርኮው ነው።

ሰላም፦ ከምርኮው በፊት ትሩክን አትለፍ፤ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ጃፓኖች የጦር ሰፈር ያደረጓትን የደሴቶች ስፍራ። ኤፕሪል 1944 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ፣ ተደብቆ መዋጋት ሥራው የሆነ ሰው መርከቡን ከባሕሩ በላይ አውጥቶ፣ በጃፓኖች ጦር ሰፈር ደጃፍ፣ አውሮፕላናቸው የወደቀባቸውን 22 አሜሪካውያን በራሪዎች ለቀመ። ያን ያህል ለሰው ነፍስ የሚሳሳ አዛዥ ነበር።

ዳዊት፦ እውነት ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 25 ሌሊት ታይዋን ባሕረ ሰርጥ ውስጥ፣ በመጨረሻ ዘመቻው ከያዛቸው 24 ቶርፒዶዎች፣ ማለትም በውሃ ውስጥ እየተወነጨፉ መርከብ ከሚመቱ ፈንጂዎች፣ የመጨረሻውን ተኮሰ። ቶርፒዶው ወደ ግራ ታጠፈ፤ ዞሮ መጣ። ኦኬን ሙሉ ፍጥነት አዝዞ መርከቧን ሊያሸሽ ሞከረ፣ አልሆነም። ኋለኛ ክፍሏን መታት።

ሰላም፦ ውስጥ የቀሩትስ?

ዳዊት፦ መርከቧ 55 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ወለሉን ነካች። በፊተኛው ክፍል የተሰበሰቡት፣ በጭስ እየታፈኑ፣ በማምለጫው ክፍል በኩል መተንፈሻ ከረጢት አጥልቀው ወጡ። ከላይ የሚረዳቸው አንድም መርከብ አልነበረም። በዚያ መንገድ ወጥተው በሕይወት የተያዙት 5 ናቸው። ኦኬን ራሱ ፍንዳታው ከማማው ላይ ወደ ባሕር ከወረወራቸው አንዱ ነው። ከ87 ሰዎች የተረፉት 9 ብቻ ናቸው።

ሰላም፦ እኔ ደጋግሜ የማስበው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። ያነሳቸው የጃፓን የጦር መርከብ ነበር። በላዩ ላይ፣ ታንግ ካሰጠመቻቸው መርከቦች የተረፉ፣ የተቃጠሉና የቆሰሉ ሰዎች ነበሩ። በዱላና በእርግጫ የደበደቧቸው እነርሱ ናቸው።

ዳዊት፦ ኦኬን ስለዚያ ሲናገር፣ የሚመቷቸው የእጃቸው ሥራ ሰለባዎች መሆናቸውን ሲረዱ ዱላውን በቀለለ ምሬት እንደተቀበሉት ገልጿል። በግርፋት መሐል ሆኖ የሚመታውን ሰው ቁስል ማየት! ይህን ከትሩኩ ጀብዱ አላሳንሰውም።

ሰላም፦ እኔ ግን ይህ አስተያየቱ ኦፉናን እንዳይሸፍንብን እሰጋለሁ። የተቃጠለ ሰው በንዴት መማታቱ አንድ ነገር ነው፤ ዮኮሃማ አቅራቢያ የነበረው የኦፉና ካምፕ ግን ታስቦበት የተሠራ ነው። የጃፓን ባሕር ኃይል ምርኮኞችን የሚመረምርበት ምስጢራዊ ቦታ ነበር፤ ስማቸው ለቀይ መስቀል አይነገርም፣ እንደ ጦር ምርኮኛም አይቆጠሩም። ረሀብና ድብደባ የዕለት ኑሮ ነበር። ቤተሰብ ሰውየው ይኑር ይሙት የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ዳዊት፦ ልክ ነሽ፣ ሁለቱን ማቀላቀል አይገባም። ኋላ ወደ ኦሞሪ ካምፕ ተዛውሮ፣ ኦገስት 1945 እጅግ ከስቶ ነጻ ወጣ። በ1946 ፕሬዚዳንት ትሩማን የአሜሪካን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳልያ ሰጡት፤ ለመጨረሻው ዘመቻ ውጊያ።

ሰላም፦ ለውጊያው እንጂ ለኦፉና ወራት አይደለም። እኔ ብሆን ሁለቱንም አብሬ እጽፍለት ነበር።