ከማስተርስ ወደ ሳተላይት ሥራ፦ ለምህንድስና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆችና ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ከዚህ ከቂሊንጦ ወደ ሰሜን ብትመለከቱ የከተማዋ ሌላኛው ጫፍ እንጦጦ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን፣ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ መረጃ ትልክ የነበረው እዚያ ተራራ ላይ ወዳለው ጣቢያ ነው። ስለዚህ የኅዋ ሥራ አለ ወይስ የለም ብለን አንከራከርም። የምንነጋገረው የማስተርስ ትምህርት መቼ ወደ ሥራው እንደሚያደርስ፣ መቼስ መንገድ ላይ እንደሚያስቀር ነው።

የዲግሪው ስም ብቻውን አያስቀጥርም። ሳተላይት ኃይል፣ ሬዲዮ፣ የአቅጣጫ ቁጥጥር፣ የሙቀት ቁጥጥር፣ አካልና ሶፍትዌር ነው፤ ቀጣሪ ከእነዚህ የትኛውን ሠርታችሁ እንደፈተናችሁ ይጠይቃል። በኤሌክትሪካል ወይም በሜካኒካል ለምትመረቁም በሩ ክፍት ነው።

ኃይልን እንውሰድ። ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብሳት (የኩብ ቅርጽ ያለው ትንሽ ሳተላይት) በ600 ኪሎ ሜትር ከፍታ አንዴ ለመዞር 97 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ 35 ደቂቃ ያህሉን በምድር ጥላ ውስጥ ያሳልፋል። በቀሪው 62 ደቂቃ የፀሐይ ፓነሎቹ በአማካይ 2 ዋት ቢሰጡ ገቢው 2.07 ዋት ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩና መቀበያው ሳያቋርጡ 1 ዋት ቢወስዱ 1.62 ወጣ። ማሰራጫው በየዙሩ 4 ዋት እየወሰደ ለ10 ደቂቃ ከሠራ 0.67 ይጨመራል፤ ወጪው 2.29 ደረሰ። በየዙሩ 0.22 ይጎድላል፣ በቀን ወደ 15 ጊዜ ይዞራል፤ ሙሉ የነበረ የ10 ዋት ሰዓት ባትሪ በሦስት ቀን ገደማ ባዶ ይሆናል። ትልቅ ባትሪ መግጠም ሞቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ማሰራጫው ጣቢያው ላይ ሲያልፍ ብቻ እንዲበራ ማድረግ ነው መፍትሔው፤ ያ ደግሞ በቀን ጥቂት ዙር ብቻ ነው።

ይህን ስሌት በወረቀት የሚሠራ ሞልቷል። ሊትየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ይጎዳል፤ የሚያድነው ማሞቂያም የሚሠራው በዚያው በጎደለው ኃይል ነው። ባትሪውን ቫኪዩም ክፍል (አየሩ የወጣለት መፈተኛ) ውስጥ አስገብቶ፣ ማሞቂያው መቼ መብራት እንዳለበት ፈትኖ፣ ውጤቱን ከነስህተቱ የመዘገበ ተማሪ ግን ተፈላጊ ነው።

አንቴናውም እንዲሁ። ታጥፎ በክር ይታሰራል፤ ምህዋር ላይ ክሩን የጋለ ሽቦ ይቆርጠዋል። ካልተቆረጠ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳተላይቱ ድምፁ ሳይሰማ ይቀራል። በብርድ፣ በቫኪዩምና ባትሪው ሲደክም ደጋግሞ መፈተኑ ራሱን የቻለ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል፤ እኛ ከብዙ የኮምፒውተር ሲሙሌሽን እሱን እናስበልጣለን።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ስትመርጡ ከዝናው በፊት ተማሪዎቹ ሠርተው ያመጠቁት ነገር እንዳለ ጠይቁ። በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ፔኒንሱላ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሯት ዛኪዩብ-1 እ.ኤ.አ. በ2013 መጥቃለች። የጃፓኑ ኪዩሹ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ከተባበሩት መንግሥታት ጋር በመተባበር ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች በናኖ ሳተላይት (በጣም ትንንሽ ሳተላይቶች) የማስተርስና የዶክትሬት ስኮላርሺፕ ይሰጣል።

ሕጉንም አስቀድማችሁ እወቁ። አሜሪካ የኅዋ ቴክኖሎጂ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የምትቆጣጠርበት ሕግ ስላላት፣ ብዙ ኩባንያዎቿ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ያልሆነን ሰው አይቀጥሩም። የአውሮፓ ኅዋ ኤጀንሲም በዋነኛነት የሚቀጥረው የአባል አገሮችን ዜጎች ነው። ይህን ከተመረቁ በኋላ መስማት ያማል። የምድር ጣቢያ ሥራና የሳተላይት ምስል ትንተና ግን እዚሁም ይፈለጋሉ፤ ካይሮ ላይም የአፍሪካ ኅዋ ኤጀንሲ ተቋቁሟል።

የማስተርስ ጥናታችሁን ለሚመራ አማካሪ መምህር ስትጽፉ ደብዳቤው አጭር ይሁን። ከጽሑፎቹ አንዱን አንብባችሁ የትኛው ስሌት ወይም ፈተና እንደገባችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ የሠራችሁትን የአንድ ገጽ የፈተና ውጤት አያይዙ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ አትላኩ፣ ወዲያው ይታወቃል። ትራንስክሪፕትና ማረጋገጫ ማውጣት ጊዜ ስለሚወስድ የማመልከቻው ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ።

እናመሰግናለን። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።