ፋይሉን ማሽን ይፈልግ፣ ፊርማው የሰው ይሁን

ክቡራትና ክቡራን የክፍለ ከተማና የወረዳ ኃላፊዎች፣ የመዝገብ ቤት ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ድሮ ባለጉዳይ ሲመጣ «ፋይሉ ጠፍቷል» እንል ነበር። ኮምፒውተር ገባና «ሲስተም የለም» ማለት ጀመርን። ዛሬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንድናገር ስትጋብዙኝ የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ ነገ ደግሞ «አስተውሎቱ ከልክሎኛል» እንዳንል።

ብዙ ዓመት ከሠራሁበት ከመዝገብ ቤት ልነሳ። አንዲት እናት የልደት ምስክር ወረቀት ፈልገው ይመጣሉ እንበል፤ ስማቸው ፀሐይ ነው። አንዱ ጸሐፊ በ«ፀ» ጽፎታል፣ ሌላው በ«ጸ»፤ መካከለኛውም ፊደል አንዴ «ሐ» ነው፣ አንዴ «ሀ»፣ አንዴ «ኀ»። እኛ ስናነበው ያው ፀሐይ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዷ ሌላ ሴት ናት። «የለም» ይላል፤ እኛም «የሉም» ብለን እናሰናብታቸዋለን። ኃይሉ የተባለ ሰው ያለበትን ወረዳ እግዜር ይርዳው! ዘመኑስ? መዝገቡ ላይ 1985 ብቻ ተጽፎ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ካልተለየ፣ ሰውየው በ7 ወይም በ8 ዓመት ያረጃል አለዚያም ልጅ ይሆናል። ጡረታው የደረሰበት ሰው ይህን አይስቅበትም።

አስተውሎቱ የሚያግዘን እዚህ ላይ ነው። የሚመሳሰሉ ስሞችን፣ የእናትን ስምና የትውልድ ዘመንን አገናዝቦ «እኚህ ይሆኑ?» ብሎ ሦስት አራት ፋይል ያቅርብልን። የትኛው እንደሆነ ባለሙያው ያረጋግጥ።

ሌሎች ከዚህ አልፈው ሄደዋል። የኔዘርላንድዋ ሮተርዳም፣ ድጎማ ከሚቀበሉ ነዋሪዎቿ ማን ይመርመር የሚለውን ለኮምፒውተር ቀመር ሰጥታ ነበር። ቀመሩ ከሚመዝናቸው ነገሮች አንዱ የነዋሪው የደች ቋንቋ ችሎታ ነበር፤ ስደተኛው ገና በአፉ ተጠረጠረ ማለት ነው። ከተማዋ በ2021 እ.ኤ.አ. አቆመችው። ኒው ዮርክ በ2023 እ.ኤ.አ. ለነጋዴዎች ጥያቄ የሚመልስ ቻትቦት ሥራ ላይ አዋለች። በዓመቱ ጋዜጠኞች ሲፈትሹት አሠሪ ከሠራተኛው ጉርሻ ላይ መቁረጥ ይችላል ብሎ መለሰ። ሕጉ ይከለክላል። ደንቡ ሁሉ በእንግሊዝኛ ተተይቦ በተቀመጠበት ከተማ ይህ ከሆነ፣ ማኅተም ያረፈበትን ደብዛዛ ሰርኩላራችንን እንዴት እንደሚያነበው አስቡት።

ሌላም ነገር አለ፤ ይህን ስናገር ራሴን ጨምሬ ነው። የአንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ረዘመብኝና አሳጥርልኝ ብዬ ስልኬ ላይ ላለ ነጻ መተግበሪያ ሰጠሁት። ስማቸው ነበረበት፣ የቤት ቁጥራቸው ነበረበት፣ የጤናቸውም ነገር ነበረበት። ወዴት እንደሄደ አላውቅም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ በየጠረጴዛችን ግን ገና አልተነበበም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ማሽኑ ይፈልግ፣ ይደርድር፣ ረቂቅ ያዘጋጅ። «አይሆንም» የሚል ደብዳቤ ሥር ግን ሁልጊዜ የሰው ስም፣ ፊርማና የቢሮ ቁጥር ይኑር፤ ባለጉዳዩ በር አንኳኩቶ «ለምን?» የሚለው ሰው ይኑረው።

ከሻይ በኋላ በየወረዳችሁ በብዛት የሚያምታቱ ስሞችን አብረን እንጽፋለን። የዘመዶቻችሁን ስም ካስቀደማችሁም አልቆጣም። አመሰግናለሁ።