በስልክ የደመቀ ፎቶ በሌላ ስክሪን ለምን ይደበዝዛል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከሰሜን ሸዋ የደወሉልን አድማጮች በተለያየ አነጋገር የጠየቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ በኤችዲአር፣ ማለትም በብሩሁና በጨለማው ቦታ መካከል ያለውን ልዩነት ከተራው አስፍቶ በሚይዘው አሠራር፣ የተነሣ ፎቶ ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ሲሄድ መልኩ ለምን ይለወጣል? ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ በአየር ላይ ሰዓት ያልበቃኝንም ጨምሬ እነሆ አቅርቤአለሁ።

ከደብረ ብርሃን የደወሉ የፎቶ ቤት ባለቤት፦ «ጥምቀትን በስልኬ አነሣሁ። በስልኩ ላይ የድባቡ የወርቅ ዘርፍ ቦግ ብሎ ይታያል። በቴሌግራም ወደ ፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ስልከው ግን ያው ፎቶ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። ስልኩ ነው ያታለለኝ ወይስ ኮምፒውተሩ ነው የተበላሸው?»

መልስ፦ አንዱም አልተበላሸም። የስክሪን ድምቀት የሚለካው ኒት በሚባል መለኪያ ነው። የቆየው የቪዲዮ አሠራር ነጩን ቀለም በ100 ኒት አካባቢ መድቦ የሚሠራ ሲሆን፣ ዛሬ ያሉት ውድ ስልኮች ግን በፎቶው ውስጥ ለሚያብረቀርቁ ቦታዎች ከ1,000 ኒት በላይ መስጠት ይችላሉ። ብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች በአንድ ፋይል ውስጥ ሁለት ነገር ያስቀምጣሉ፤ አንደኛው ማንኛውም ስክሪን የሚያሳየው ተራ ጄፔግ ሲሆን፣ ሁለተኛው የትኛው ቦታ ምን ያህል ተጨማሪ ብርሃን ማግኘት እንዳለበት የሚናገር የድምቀት ካርታ ነው። አንድሮይድ ይህን አሠራር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው አንድሮይድ 14 ነው። ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ተጨምቆ እንደ አዲስ ስለሚጻፍ ካርታው መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ «ፋይል» በሚለው በኩል ይላኩት። ይሁንና ኮምፒውተርዎ ኤችዲአር የማያሳይ ከሆነ ካርታው ቢደርስም እንኳ የሚያዩት ተራውን ጄፔግ ነው።

እንግዲህ ዋናው ሥራ ያ ተራ ጄፔግ ራሱን ችሎ እንዲቆም ማድረግ ነው። በጥምቀት ፎቶ ላይ እኔ ከወርቁ አስቀድሜ የምጠብቀው ነጠላውን ነው። የነጠላው እጥፋት አንድ ጊዜ ወደ ባዶ ነጭ ከተለወጠ ሸማው ወረቀት ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት ማስተካከያ አይመልሰውም። ወርቁ ግን ትንሽ ቢደበዝዝም ወርቅነቱን ተመልካች አይስተውም። ለነጠላው እጥፋትና ለሰዎቹ ፊት ተጠንቅቀው ያርሙ፤ የወርቁን ድምቀት ማሳየት ለሚችለው ስክሪን ይተዉለት።

ከደብረ ሲና የደወለ ወጣት፦ «ጣርማ በር አፋፍ ላይ የተቀመጡ ጭላዳዎችን ከበታቻቸው ከተኛው ደመና ጋር በተለያየ ብርሃን ሦስት ጊዜ አንሥቼ በፕሮግራም አዋሐድኳቸው። ሁሉም ነገር ይታያል፤ ነገር ግን ፎቶው ሥዕል መሰለ፣ በጭላዳዎቹም ዙሪያ ነጭ ጭጋግ ወጣ።»

መልስ፦ ሦስቱን ማዋሐድህ ትክክል ነው። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ ቀጥሎ፣ ሰፊው የብርሃን ልዩነት በጠባብ ስክሪን ውስጥ እንዲገባ ሲጨመቅ ነው፤ ባለሙያዎች ይህን ቶን ማፒንግ ይሉታል። እዚያ አፋፍ ላይ ቆመህ ስታይ ዓይንህ ከቋጥኙ ጥላ ወደ ደመናው በተዘዋወረ ቁጥር ራሱን ያስተካክላል፤ ስክሪን ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማሳየት ግድ ይሆንበታል። ፕሮግራሙ መላውን ፎቶ በአንድ ስሌት ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ወይም እያንዳንዱን ቦታ በአካባቢው ብርሃን መጠን ለይቶ ያስተካክለዋል። ያንተ ፕሮግራም የሠራው በሁለተኛው መንገድ ይመስላል። ኃይሉ ሲበዛ፣ የጭላዳው ጥቁር ጋማ ከደመናው ጋር በሚዋሰንበት መስመር ላይ ስሌቱ ይዛባና ያ ነጭ ጭጋግ ይፈጠራል። ኃይሉን በግማሽ ቀንሰው፤ ጥላውም ጥላ ሆኖ ይቅር። በጥላ ውስጥ ያለው ድንጋይ ሁሉ እንዲቆጠር የሚፈልግ ተመልካች የለም፤ ፎቶውን ሥዕል የሚያስመስለውም በአብዛኛው ይህ ምኞት ነው።

በአፋፉ ያለው ነፋስ ጋማውንና ሣሩን በሦስቱ ፎቶዎች መካከል ስለሚያንቀሳቅስ፣ ስታዋሕድ መካከለኛውን ፎቶ መሠረት አድርገው፤ አለዚያ አንዱ ጋማ ሁለት ሆኖ ይወጣል።

ከመሐል ሜዳ፦ «የጓሳን ፎቶዎች በኤችዲአር ቪዲዮ አቀናብረን በሆቴል አዳራሽ ቴሌቪዥን ልናሳይ ሞከርን። ቴሌቪዥኑ ኤችዲአር የሚል ጽሑፍ አለው፤ ምስሉ ግን ከተራው ይልቅ ጨለመ።»

መልስ፦ ያ ጽሑፍ ቴሌቪዥኑ የኤችዲአር ምልክት መቀበል እንደሚችል እንጂ ድምቀቱን ሁሉ ማሳየት እንደሚችል አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውና ፒኪው የሚባለው አሠራር እስከ 10,000 ኒት የሚደርስ ሲሆን፣ በእርሱ ውስጥ እያንዳንዱ ቁጥር የተወሰነ ድምቀትን ያዛል። አቅሙ 300 ኒት ብቻ የሆነ ቴሌቪዥን 1,000 ኒት ሲታዘዝ ወይ ከአቅሙ በላይ ያለውን ይቆርጣል፣ ወይ ሰማዩን ለማትረፍ ሲል ምስሉን ዝቅ ያደርገዋል። የእናንተ የጓሳ ሣር የጠቆረውም በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ቢቢሲና የጃፓኑ ኤንኤችኬ ለስርጭት ያዘጋጁት ኤችኤልጂ የተባለው አሠራር ከቴሌቪዥኑ አቅም ጋር የሚስማማ በመሆኑ በዚህ ረገድ ይሻላል። ለእናንተ አዳራሽ ግን የምመክረው በእጃችሁ ያስተካከላችሁትን ተራ ቅጂ እንድታሳዩ ነው፤ ምን እንደሚቀነስ ቴሌቪዥኑ ከሚወስን እናንተ ብትወስኑ ይመረጣል። የኃይል ቁጠባውን አጥፉ፣ መጋረጃውንም ዝጉ። በፕሮጀክተር የምታሳዩ ከሆነ መጋረጃው የግድ ነው፤ ፕሮጀክተር ጥቁር ብርሃን ስለሌለው፣ ጥቁሩ ክፍል ግድግዳው ከጠቆረው በላይ አይጠቁርም።

ከሸዋ ሮቢት የጠየቁን እናት፦ «የልጄን የምርቃት ፎቶ ሳሳትም ለምን ጠቆረ?»

መልስ፦ እናቴ፣ ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም፤ የሚያርፍበትን ብቻ ይመልሳል። ፎቶው የታረመው ድምቀቱ እስከ መጨረሻ በተከፈተ ስክሪን ላይ ከሆነ፣ አራሚው በቂ ብርሃን ያለው መስሎት ጨለማውን ትቶታል። የስክሪኑን ድምቀት ከአንድ ነጭ ወረቀት ጋር እስኪመሳሰል ድረስ ዝቅ አድርገው ደግመው እንዲያርሙልዎ ይጠይቁ። ትልቁን ከማሳተምዎ በፊት አንድ ትንሽ ቅጂ ያሳትሙና ፎቶው በሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ፣ በቤትዎ ብርሃን ይዩት።