ድብድቡን ያቀናበረው ማነው? የኩንግ ፉ ፊልም ከሻንጋይ እስከ ኦስካር

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ ኩንግ ፉ ነው። አዎ፣ ስትጠይቁኝ የከረማችሁት ኩንግ ፉ! «ካራቴ ፊልም» እያልን ያደግንበት ማለቴ ነው። ካራቴ የጃፓን ነው፣ ከኦኪናዋ የመጣ፤ የዛሬው ጨዋታችን የቻይናው ነው። ስሙን እዚሁ አስተካክለን እንለፍ። ዓመቶቹን ደግሞ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ስናይ የማንን ስም ነበር የምንጠራው? የአክተሩን። ብሩስ ሊ! ጃኪ ቻን! ጄት ሊ! «አክተር አይሞትም» እንል የለ? እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ከካሜራው ጎን ቆሞ «እጅህ እዚህ፣ እግርህ እዚያ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ውደቅ!» ስለሚለው ሰው ነው። ስለ ድብድብ አቀናባሪው። ይህን ሰው ካላወቅን የቻይናን ድብድብ ፊልም አላወቅንም፤ ግማሹን ብቻ ነው ያየነው።

[ምስል፦ የሠርግ ድንኳን፣ ከበሮ]

እስቲ ሠርግ ቤት ግቡልኝ። ጭብጨባው ደምቋል፣ ከበሮው ይመታል፣ አንዲት ልጅ መሀል ገብታ እስክስታ ወረደች። ትከሻዋ፣ አንገቷ፣ ደረቷ፣ ከዚያ ቀጥ! ትንፋሽ። እንደገና ትከሻ፣ እንደገና ቀጥ! ያቺን «ቀጥ» ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ። አሁን ቪዲዮ ቀራጩ መጣ። ተጠግቶ ፊቷን ብቻ ቀረጸ እንበል። ፈገግታዋን አየን፣ እስክስታዋን ግን አላየንም። ወይም ደግሞ በየሰከንዱ ቆራረጠው፤ ትከሻ፣ ጫማ፣ ኬክ፣ ሚዜ፣ ተመልሶ ትከሻ። እናቷ ካሴቱን ስታይ ምን ትላለች? «ልጄ የጨፈረችው የታለ?» ትላለች። እውነቷን ነው!

ጎበዝ ቪዲዮ ቀራጭ ግን ራቅ ይላል። ከእግር እስከ ራስ ይይዛታል። አይቸኩልም። መቼ ቀጥ እንደምትል ያውቃል፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት አይቆርጥም። ያቺ ማቆሚያ ደግሞ ጌጥ አይደለችም፤ ጭፈራው የቆመው በእሷ ነው። ትከሻ ሳያቋርጥ ከተንቀጠቀጠማ እስክስታ አይደለም፣ ብርድ ነው።

የሆንግ ኮንግ ሰዎች ድብድብን የቀረጹት እንደዚህ ነው። ሙሉ ሰውነት፣ ራቅ ያለ ካሜራ፣ ምት፣ ምት፣ ምት፣ ቀጥ! ምት፣ ምት፣ ቀጥ! ይህን ደግሞ የተማሩት ከቦክስ ቤት አይደለም፣ ከቲያትር መድረክ ነው። በፔኪንግ ኦፔራ ተዋናዩ ይሽከረከራል፣ ይገለበጣል፣ ከዚያ ከነሐስ መሣሪያዎቹ ድምፅ ጋር ድንገት ቀጥ ብሎ ተመልካቹን ያያል። ለዚያች አቋቋም ስም እንኳ አላቸው፤ ልያንግሽያንግ ይሏታል።

እሺ፣ ታሪኩ። በ1928 ሻንጋይ ውስጥ ሚንግሺንግ የተባለ ኩባንያ «የቀይ ሎተስ ቤተ መቅደስ መቃጠል» የሚል ድምፅ አልባ ፊልም አወጣ። ሕዝቡ አበደ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ15 በላይ ክፍል ተሠራለት! የዛሬ ተከታታይ ፊልም ሰሪዎች ቢሰሙ ይቀናሉ። በ1931 መንግሥት አጉል እምነት ያስፋፋል ብሎ አገደው። ፊልሙ ዛሬ የለም፣ ጠፍቷል፤ ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ሙያው ቆይቶ ሆንግ ኮንግ ላይ አዲስ ቤት አገኘ። ከ1949 ጀምሮ ኩዋን ታክ-ሂንግ የተባለ የካንቶን ኦፔራ ተዋናይ ዎንግ ፌይ-ሁንግ የተባለውን በእውን የኖረ የኩንግ ፉ መምህር ሆኖ ከ70 በላይ ፊልም ሠራ። አንድ ሰው፣ አንድ ገጸ ባሕርይ፣ ከ70 በላይ! በእነዚያ ፊልሞች ድብድብ ካቀናበሩት አንዱ ዩዌን ሲዩ-ቲየን ይባላል። ይህን ስም ያዙልኝ።

ቀጥሎ ኪንግ ሁ። የምወደው ዳይሬክተር ነው፣ አልደብቃችሁም። ቤጂንግ የተወለደ፣ የኦፔራ ፍቅር ያለበት ሰው። ኩንግ ፉ ራሱ አያውቅም ነበር፤ ድብድቡን ከኦፔራ እንደወሰደ በግልጽ ይናገር ነበር። በ1966 ቼንግ ፔይ-ፔይ የምትባል የ20 ዓመት ወጣት መጠጥ ቤት ውስጥ አስቀምጦ በሽፍቶች አስከበባት። ባሌት የተማረች ልጅ ናት! ዝም ብላ ትቀመጣለች፣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ክፍሉን ታዳርሳለች፣ ተመልሳ ቀጥ። እስክስታ አልኳችሁ! የኪንግ ሁ አቀናባሪ ሀን ዪንግጂ የኦፔራ ልጅ ነበር። አብረው በሠሩት በሌላ ፊልም ተፋላሚዎች በቀርከሃ ጫካ ውስጥ ከላይ እንደ ጭልፊት ይወርዳሉ፤ ያ ፊልም በ1975 ፈረንሳይ ውስጥ በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የቴክኒክ ሽልማት አገኘ።

[ምስል፦ የተመልካቾች አስተያየት]

እዚህ ጋ ልቁም። ባለፈው ቪዲዮ ስር ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ጽፋችኋል፦ «ብሩስ ሊ ነው የምሩ፤ በሽቦ የሚበሩት ኮምፒውተር ሲመጣ ያበላሹት ነው። ዳንስ ነው!» ይህን ሳልመልስ አላልፍም፣ ምክንያቱም ሁለት ስህተት በአንድ ላይ ነው።

አንደኛ፣ መብረሩ አዲስ አይደለም። ሽማግሌው እሱ ነው! በ1920ዎቹ ሻንጋይ ውስጥ ተዋናዮችን በሽቦ እያንጠለጠሉ ያበሯቸው ነበር። ዉሺያ የሚባለው የጎራዴ ጀግኖች ተረት ከመጀመሪያው ጣሪያ ለጣሪያ የሚዘል ሰው ያለበት ነው። መሬት ላይ ቆሞ በቡጢ መደባደቡ ነው ከኋላ የገነነው።

ሁለተኛ፣ ዳንስን ስድብ ያደረገው ማነው? ብሩስ ሊ በ1958 የሆንግ ኮንግ የቻ-ቻ ዳንስ ሻምፒዮን ነበር። ቻ-ቻ! ኩንግ ፉውም የምር ነው፣ ከመምህሩ ከኢፕ ማን ዊንግ ቹን የሚባለውን የኩንግ ፉ ስልት ተምሯል፤ ማንም አይክደውም። ግን ሲመታ እዩት፤ ይመታል፣ ቀጥ ይላል፣ አፍንጫውን በአውራ ጣቱ ይነካል። ምቱን ሳይሆን ቀጥ ማለቱን ነው ሰፈር ሁሉ የኮረጀው! በ1971 በወጣው የመጀመሪያ ትልቅ ፊልሙ ድብድቡን ያቀናበረው ማን መሰላችሁ? ሀን ዪንግጂ። ያው የኪንግ ሁ ሰው። እንዲያውም የመጨረሻውን ክፉ አለቃ ሆኖ የተጫወተውም እሱ ነው። ብሩስ ሊ በአየር ላይ ሲገለባበጥ የምናየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዩዌን ዋ የተባለ ከኦፔራ ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ነው። ይህ ብሩስ ሊን አያሳንሰውም። እሱ በ32 ዓመቱ፣ ሐምሌ 20 ቀን 1973 ባይሞት ኖሮ እያልኩ ዛሬም እቆጫለሁ።

ዩዌን ዋ የወጣበት ትምህርት ቤት እነ ጃኪ ቻንና ሳሞ ሀንግም ያደጉበት ነው። ጃኪ በልጅነቱ ገብቶ አሥር ዓመት ያህል እዚያው ኖረ። ለዚህ ነው ወንበር፣ መሰላል፣ ብስክሌት፣ ያገኘው ዕቃ ሁሉ አብሮት የሚጨፍረው።

ቴክኒኩን በፍጥነት፤ መቼም ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ እንደሆነ ታውቃላችሁ። በ22 ወይም በ20 ትቀርጻለህ፣ በ24 ታሳያለህ፣ ሰውየው ይፈጥናል። ልብሱ ላይ ዱቄት ነገር ትነሰንሳለህ፣ ሲመታ ይቦናል፣ ኃይሉ ይታያል። ትልቁን ምት በሁለት ካሜራ ይዘህ ስትገጥመው ጥቂት ፍሬም ትደግማለህ፤ ዓይን ድግግሙን አያይም፣ ክብደቱን ግን ይሰማዋል። ሽቦው የሚሸከመውን ቀበቶ ልብስ ስር ትደብቃለህ፣ ጎታቾቹ በአንድ ላይ ይጎትታሉ። በቃ። በዝርዝር ከፈለጋችሁ ሌላ ቪዲዮ እሠራለሁ፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሉንም ንኩ።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን ስም አምጡ። ዩዌን ሲዩ-ቲየን። በ1978 ልጁ ዩዌን ዉ-ፒንግ ዳይሬክተር ሆኖ ሁለት ፊልም ሠራ፤ ጃኪ ቻንን ኮከብ ያደረጉት እነዚህ ናቸው። ቀይ አፍንጫ ያለውን ሰካራም ሽማግሌ መምህር ታስታውሳላችሁ? ጃኪን በውኃ ባልዲ የሚያሰቃየውን? አባትየው ነው! ልጅ ካሜራ ጎን ቆሞ አባቱን ያዘዋል፣ አባት ደግሞ አሠልጣኝ ሆኖ ይጫወታል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያንን ፊልም ፈገግ ሳልል ማየት አልቻልኩም።

ሆሊውድ በ1999 የወጣውን «ማትሪክስን» ሲሠራ ይህንኑ ልጅ፣ ዩዌን ዉ-ፒንግን፣ ጠራ። ተዋናዮቹን ለወራት አሠለጠናቸው፤ ካሜራው ራቅ ብሎ ሙሉ ሰውነታቸውን እንዲያይ መጀመሪያ እነሱ ራሳቸው መቻል ነበረባቸው። በ2000 ደግሞ የአንግ ሊን «የተደበቀው ዘንዶ» አቀናበረ። ሚሼል ዮ አለችበት፤ እሷም የባሌት ተማሪ ነበረች። አራት ኦስካር። ተፋላሚዎቹ እንደገና ቀርከሃ ላይ ወጡ፣ ነፋሱ እያወዛወዛቸው። ክፉዋን አሮጊት ልብ በሏት፤ ቼንግ ፔይ-ፔይ ናት። በ1966 መጠጥ ቤት ውስጥ በሽፍቶች የተከበበችው ያቺ ልጅ፣ ከ34 ዓመት በኋላ። አሁንም ከምት በኋላ ቀጥ ስትል ዓይናችሁን ከእሷ ላይ መንቀል አትችሉም።

ከታች ጻፉልኝ፤ የመጀመሪያውን ኩንግ ፉ ፊልማችሁን ያያችሁት የት ሰፈር፣ የትኛው ቪዲዮ ቤት ነው?