ናፕኪን የሚያጣጥፉት እማማ

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ከሥራ አሁን ነው የገባሁት፣ ሻይዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፣ የሰሞኑን ነገር ሳይበርድብኝ ልንገራችሁ።

የምሠራው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አሲስትድ ሊቪንግ፣ ማለትም እርዳታ የሚያስፈልጋቸው አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ነው። ሲኤንኤ ነኝ፣ የነርስ ረዳት ማለት ነው፣ 9 ዓመት ሆነኝ። ለማያውቅ ሰው፣ አሲስትድ ሊቪንግና ነርሲንግ ሆም አንድ አይደሉም። እኛ ጋ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ክፍል አለው። ገላ መታጠብ፣ ልብስ መልበስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ ላይ እናግዛለን፣ ምግብ ግን በጋራ አዳራሽ ነው። ከውጭ ስታዩት ሰው በሰው ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ግን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ውሎ የሚያድረው ስንቱ መሰላችሁ።

ባለፈው ዓመት አንዲት የአገራችን እናት መጡ። ስማቸውን አልጠራም፣ እማማ ነው የምንላቸው፣ ፈረንጆቹም ሳይቀሩ። 81 ዓመታቸው ነው። ልጃቸውን ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዋን ተደግፋ ስታለቅስ አገኘኋት። «እናቷን ጣለች ይሉኛል» አለችኝ። ይቺን ቃል ከስንቱ ልጅ ሰምቻታለሁ። «ቤት ሳሉ ከማን ጋ ነበር የሚውሉት?» አልኳት። ዝም አለች። ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው፣ ሳይነጋ ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው፣ እማማ ደግሞ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ቴሌቪዥን ከፍተው ብቻቸውን ነው የሚውሉት። በር ቢንኳኳ አይከፍቱም፣ ቋንቋው የለማ። ታዲያ ብቸኝነቱ እኛ ጋ ሲመጡ ነው እንዴ የጀመረው? እናቶቻችንን ቤት ስላስቀመጥናቸው ብቻ ሰው አላጡም ማለት አይደለም። ይሄን የምለው ለመውቀስ አይደለም፣ የቤት ኪራዩን ማን ይክፈልላት።

ግን እኛም ጋ መጥተው ወዲያው አልተሻላቸውም። ሦስት ወር ሙሉ ከክፍላቸው የሚወጡት ለምግብ ብቻ ነበር። ግድግዳው ላይ የወሩ ፕሮግራም ተለጥፏል፣ ጠዋት ቢንጎ፣ ከሰዓት ወንበር ላይ ስፖርት፣ አርብ ፊልም። ቢንጎ ላይ ወስጄ አስቀመጥኳቸው። ቁጥር ይጠራል፣ ሰው ይስቃል፣ እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። «ልጄ፣ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አሉኝ። እኔ መጀመሪያ «ሰለቸኝ» ማለታቸው መስሎኝ ነበር። አይደለም። ቃል በቃል ነው የጠየቁኝ። ምን ሥራ አለኝ፣ ማን ይፈልገኛል ማለታቸው ነው። ስንት ልጅ ያሳደጉ፣ የማኅበር ጠላ የጠመቁ፣ ለቀስተኛ ያስተናገዱ ሴት ናቸው እኮ። በሕይወታቸው አንድ ቀን እንግዳ ሆነው ብቻ ተቀምጠው አያውቁም።

ቢል ቶማስ የሚባል ሐኪም አለ። በ1991 ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ ኒው በርሊን በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ላይ ይሠራ ነበር፣ ቼዝ ሜሞሪያል ይባላል። ምን አደረገ መሰላችሁ? 2 ውሻ፣ 4 ድመትና 100 ትንንሽ በቀቀን አስገባ። ቤቱ ተተራመሰ። ዝም ብለው የነበሩ ሰዎች ግን ወፋቸውን ማብላት፣ ውሻውን ማናፈስ ጀመሩ። እሱ እንደሚለው እነዚህን ቤቶች የያዛቸው ሦስት መቅሠፍት ነው፦ ብቸኝነት፣ አቅመ ቢስነትና መሰልቸት። እኔን የነካኝ ሁለተኛው ነው። አቅመ ቢስነትን የሚያድነው ተጨማሪ እንክብካቤ አይደለም፣ ሰውየው ራሱ ለሌላው የሚያደርገው ነገር ሲኖረው ነው ይላል። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ «ይቀመጡ እማማ፣ እኔ አደርገዋለሁ» ነው የምንለው። በአክብሮት እጃቸውን እናስራለን።

እና አንድ ቀን ለእራት ናፕኪን የሚያጣጥፍ ሰው ጠፋና ቅርጫቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወደ ሌላ ሥራ ሄድኩ። የጨርቅ ናፕኪን ነው። እዚያው አንዲት አሜሪካዊት ጡረተኛ መምህርት ተቀምጠው ነበር፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ እሳቸውም ብዙ አያወሩም። ስመለስ ሁለቱም እያጣጠፉ ነው። መምህርቷ ሦስት ማዕዘን አድርገው ያስቀምጣሉ፣ እማማ ያነሱና ይፈቱታል፣ ጫፍ ከጫፍ ያገጥሙና በመዳፋቸው ጫን ብለው እንደ ነጠላ አራት አድርገው ያጥፉታል። ያቺን መዳፍ ብታዩዋት፣ ስፌቱን ተከትላ ቀስ ብላ ስትሄድ። መምህርቷ ትንሽ አዩዋቸውና የራሳቸውን ፈትተው እንደ እማማ ማጠፍ ጀመሩ። አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ቅርጫቱ አለቀ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት መምህርቷ የእማማን በር አንኳኩ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ነው። አንድ ጊዜ እማማ ጉንፋን ይዟቸው ሁለት ቀን ሲተኙ መምህርቷ እኔን ኮሪደር ላይ ይዘው «ጓደኛዬ የት አለች?» አሉኝ። ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ማለት ይሄ ነው። ቪቬክ መርቲ፣ የአሜሪካ ሰርጅን ጀነራል፣ ማለትም መንግሥትን ወክሎ ስለ ሕዝብ ጤና የሚናገር ዋና ሐኪም የነበረው፣ በ2023 ባወጣው ማሳሰቢያ ከሰው መነጠል ዕድሜን በማሳጠር በኩል በቀን እስከ 15 ሲጋራ ከማጨስ ጋር ይነጻጸራል ብሏል። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው አይገርመውም። ደጃፉን የሚያንኳኳ ያጣ ሰው መጀመሪያ ምግብ ነው የሚተወው።

ቡናውም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከሰል አይታሰብም፣ ቆልተን ብናጨስ የእሳት ማንቂያው ሕንፃውን ሁሉ ያስወጣዋል። ልጃቸው ቤት ቆልታ ታመጣለች፣ እማማ እቃውን ከፍተው ለእያንዳንዱ ሰው እያዞሩ ያስሸትታሉ፣ ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል። ማን ካፌይን እንደማይፈቀድለት፣ ማን ስኳር እንዳለበት ከነርሷ ጋ አስቀድመን እናያለን። ያስተዋልኩት ነገር፣ ቢንጎው አንዱ እንዳሸነፈ ሰው ይበተናል፣ ቡናው ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስላለው ሰው ሳያውቀው ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀመጣል። አስተናጋጇ ደግሞ እማማ ናቸው። «በረካውን ሳትጠጡ አትሄዱም» ሲሉ ማንም አይሄድም፣ በአማርኛ ነው የሚሉት እኮ።

ወላጅ ያላችሁ፣ ወይም ልታስገቡ የምታስቡ፣ ከልምዴ ጥቂት ነገር ልበል። ምግብ አዳራሹ ውስጥ ከማን ጋ እንደሚቀመጡ ጠይቁ። ብዙ ቦታ መቀመጫው ቋሚ ነው፣ ወዳጅነት የሚጀመረው ደግሞ ከዚያ ጠረጴዛ ነው። ድሮ የሠራሁበት አንድ ቤት አንድ የኛን አባት በእጃቸው ስለሚበሉ ለብቻቸው ጥግ አስቀምጠዋቸው ነበር። አዲስ ነበርኩ፣ ፈራሁ፣ ምንም አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እናንተ ተናገሩ።

ጆሯቸውንም አስመርምሩ። ተዘጉ፣ ተከፉ፣ መርሳት ጀመሩ የምንላቸው ስንቶች ናቸው የጆሮ መስሚያ መሣሪያቸው ባትሪ ጨርሶ የተገኘው! ካሁን ቀደም መስሚያ ለማግኘት ባለሙያ ጋ መሄድ ግድ ነበር፣ ከ2022 ወዲህ ግን የመስማት ችግሩ ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ አዋቂ ፋርማሲ ውስጥም ያለ ማዘዣ ይሸጣል።

አንድ ወረቀት ጻፉልን፣ በእንግሊዝኛ። ምን ተብለው መጠራት እንደሚወዱ፣ ምን ሥራ እንደነበራቸው፣ እጃቸው ምን እንደሚችል፣ ሮብና አርብ ሥጋ እንደማይበሉ። ስትመጡ ደግሞ በታወቀ ቀንና ሰዓት ኑ። አንድ ልጅ አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚመጣው፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው፣ እናቱ ግን አርብ ማታ ጀምረው ቀሚስ ይመርጣሉ።

እማማ ሁሌ ደስተኛ ናቸው አልላችሁም። በዓል ሲመጣ ያለቅሳሉ፣ አገራቸው መሞት ነው የሚፈልጉት፣ ለዚያ እኔ መልስ የለኝም፣ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

ዛሬ ግን ምን ሆነ መሰላችሁ። ናፕኪኑ አለቀ፣ መምህርቷ መደገፊያ ዎከራቸውን ይዘው ተነሡ፣ በር ላይ ደርሰው ዞር አሉና «ነገ?» አሉ። በአማርኛ! ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። እማማ ቅርጫቱን ወደኔ እየገፉ «ነገ፣ እግዜር ካለ» አሏቸው።