ባለ ፍሊቱ ፖስት ካርድ

እንደምን አመሻችሁ! በሥራ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ለአሮጌ ሥዕል ብሎ ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። አመሰግናለሁ።

እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም። እንጀራዬ ማስታወቂያ ነው። የሳሙና፣ የዘይት፣ የባንክ ማስታወቂያ ስሠራ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛሬም የማወራችሁ እንደዚያው ነው፤ አንድ ባለሙያ የሌላውን ባለሙያ ሥራ ሲያይ።

ሰውዬው ኤንሪኮ ዴ ሴታ ይባላል። ጣሊያናዊ የቀልድ ሥዕል ሠዓሊ ነው። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግራ ስትወረን፣ ለዘመቱት ወታደሮች ፖስት ካርድ ሣለላቸው። ወታደሩ ጀርባው ላይ «ደህና ነኝ» ብሎ ጽፎ ለቤተሰቡ የሚልከው ዓይነት።

አንዱን ልንገራችሁ። ጣሊያናዊ ወታደር ቆሟል። የያዘው ጠመንጃ አይደለም፣ ፍሊት መንፊያ ነው። አዎ፣ እኛም ቤት ትንኝ ሲያስቸግር የምንነፋው ፍሊት። ከፊቱ ደቃቃ ደቃቃ የኢትዮጵያ ተዋጊዎች አሉ። ይነፋባቸዋል። በቃ፣ ቀልዱ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ሳየው ሣቅኩ። እውነቴን ነው። አሳሳሉ ቀላል ነው፣ ነገሩ በአንድ ዓይታ ይገባል። ቢሮ ውስጥ አንድ ጀማሪ ቢያመጣልኝ «ጎሽ!» የምለው ሥራ ነው። ሆዴ ባር ባር ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ምክንያቱም መንፊያው እውነት ነበር። ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ የጣሊያን አውሮፕላኖች ሰው ላይ መርዝ አዘነቡ። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ ሲናገሩ፣ አውሮፕላኖቹ ላይ ልዩ መንፊያ ተገጥሞ ገዳይ ካፊያ በሰፊው አገር ላይ እንደወረደ አስረድተዋል። 9፣ 15፣ 18 እየሆኑ ይከታተሉ ነበር፤ ጭጋጉ እንዳይቆራረጥ። ጄኔቭም መንፊያ፣ ካርዱም ላይ መንፊያ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው በፈረንጆቹ 1996 ነው። 60 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ቀልዱ ግን ያን ያህል አልጠበቀም፤ በዚያው በጦርነቱ ሰሞን ቴምብር ተለጥፎበት ይዞር ነበር።

ፖስተር ቢሆን ግድግዳ ላይ ነው፤ መንግሥት እንደለጠፈው ታውቃላችሁ። ፖስት ካርድ ግን በልጅሽ የእጅ ጽሑፍ ነው የሚመጣልሽ። እናትየው ጀርባውን ታነባለች፣ ልጇ ደህና ነው፣ እፎይ ትላለች። ከዚያ ትገለብጠዋለች። እፎይታውና ሥዕሉ አንድ ላይ ልቧ ውስጥ ይቀመጣሉ። እኛ ማስታወቂያ ሠሪዎች ይህችን ለማግኘት ስንት ገንዘብ እንደምናፈስ ብታውቁ!

ግድግዳውም ቢሆን ሥራ አልፈታም። የመንግሥታት ማኅበር ኅዳር 8 ቀን 1928 ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጣለ። ያኔ በየከተማው የእብነ በረድ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ «ከበባውን» እና «ግፉን» ለትውልድ የሚያስታውስ። ሰው አገር የገባው እሱ፣ ተከበብኩ ባዩም እሱ! ልክ በወሩ፣ ታኅሣሥ 8፣ ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን እያወለቁ ለጦርነቱ ሰጡ። ሮም ላይ ንግሥት ኤሌና ራሷ ሰጠች። በወርቁ ምትክ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። ደራሲው ሉዊጂ ፒራንዴሎ ደግሞ የኖቤል ሜዳሊያውን አበረከተ። ቀለበቱን አውልቆ የሰጠ ሰው ሥዕሉን መጠራጠር ይከብደዋል። ከፍሎበታላ።

የሴቶቹን ካርዶች ባልፋቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አይታለፉም። በአንዱ የዴ ሴታ ካርድ ላይ ወታደር ፖስታ ቤት መስኮት ጋ ቆሟል። ለጓደኛው የምሥራቅ አፍሪካ ማስታወሻ መላክ ፈልጓል። ጥቅሉ ጥቁር ሴት ናት። ሰው፣ እንደ ዕቃ ታሽጋ። ጎረምሳውን ና ና ያለው እንዲህ ያለው ሥዕል ነው። ከዚያ ሚያዝያ 1929 ላይ ሕግ ወጣ፤ ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዥ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ከኖረ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። ሥዕሉ ጠራው፣ ሕጉ አሰረው። ሴቶቹንና ልጆቻቸውን ማን ያስብ? ሥዕሉም ሕጉም ለእነሱ አልተሠራ።

በእኛ በኩል ነጋሪት ነበር። ክተት ታወጀ፣ ሰዉ በጆሮው ተጠራ። እዚያ ግን ሥራው በዓይን ነበር፤ ዓይን ደግሞ ያየውን ቶሎ አይለቅም። ጄኔቭ ላይ ጃንሆይ ንግግራቸውን ሲጀምሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። ጋዜጠኞች ናቸው እኮ! ማንበብና መጻፍ ሥራቸው የሆነ ሰዎች። እኔ ሲመስለኝ እነዚያ ሰዎች ፊታቸው የቆመው ንጉሥ አልታያቸውም። የታያቸው ያ ካርዱ ላይ ያለው ደቃቃ ሰው ነው።

በሉ እስቲ መብራቱን አጥፉልኝ። የመጀመሪያው ምስል እሱ ራሱ ነው፣ ባለ ፍሊቱ። ሣቅ ያመለጠው ካለ አይፈር፣ እኔም ሥቄያለሁ። ብቻ ዓይናችሁን ከመንፊያው አንሡና ታች ያሉትን ሰዎች እዩልኝ።